ጠፍቷል የተባለው ደብተር

ታገኘ ወልደ ሩፋኤል በ1969 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከጀርመን አገር ወደ ዳባት የመጣው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። «እናትህ በጠና ታማለች፤ ድረስ» የሚል ቴሌግራም ነው ያመጣው። የመልሱን ቲኬት ቆርጦ፣ ሁለት ሸሚዝና አንድ ደብተር በሻንጣ ይዞ ተነሣ። እናቱ ወይዘሮ አገርነሽ በሕይወት ሳሉ ደረሰላቸው። አራት ቀን እጁን ይዘው ቆዩ፤ በአምስተኛው ቀን ዐረፉ።

ለቀስተኛው ሲያባራ የመውጫ ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ጎንደር ወረደ። ሹሙ ፓስፖርቱን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገና ይጣራል፣ ከሳምንት በኋላ ተመለስ አለው። ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። ደግሞ ተመለሰ። በአራተኛው ጊዜ በፓስፖርቱ ፈንታ የምደባ ደብዳቤ ሰጡት፤ አገሪቱ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ስለምትፈልግ በደባርቅ ትምህርት ቤት መመደቡን የሚገልጽ። ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ለጊዜው ነው ብሎ ራሱን አጽናናና ደባርቅ ላይ አንዲት ክፍል ቤት ተከራየ። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ላይ እየተንጠለጠለ ዳባት ወርዶ አባቱን ይጠይቃል።

አባቱ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል በደብራቸው የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ። ፋሲካ መቼ እንደሚውል፣ ጾሙ መቼ እንደሚገባ በጣታቸው አንጓ ቆጥረው የሚያወጡ፣ ከወገራም ከስሜንም ተማሪ የሚመጣላቸው ሰው ናቸው። ታገኘ ቁጥር የለመደው ከእሳቸው እግር ሥር ነው። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ደግሞ በነፃ ትምህርት ጀርመን። ልጃቸው ባሕር ማዶ ምን ሲሠራ እንደኖረ ግን በወጉ ጠይቀውት አያውቁም ነበር። ኀዘኑ ጋብ ካለ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጁ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሲተክዝ አዩና ጠየቁት።

ታገኘ የቻለውን ያህል ነገራቸው። ሁለት ከዋክብት አሉ፤ አንዱ አንዱን እየዞሩ ይኖራሉ። አንዱ እንደኛ ፀሐይ ያለ ነው። ሌላው ነድዶ ያለቀና በራሱ ክብደት የተጨመቀ፣ ኒውትሮን ኮከብ የሚሉት ነው፤ ስፋቱ ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለውን መንገድ አይሞላም፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። ከትልቁ ኮከብ የሚቀዳው ትኩስ ጋዝ ወደ ትንሹ ይፈስሳል። ትንሹ ኮከብ ታላቅ ማግኔት ስለሆነ ጋዙን ወደ ዋልታዎቹ ይመራዋል፤ እዚያ ሲወድቅ ግሎ ኤክስሬይ ያወጣል፤ ጎንደር ሐኪም ቤት አጥንት የሚያዩበት ዓይነት ጨረር። የታገኘና የጓደኞቹ ሥራ የዚያን ማግኔት ብርታት መለካት ነበር።

«ማንም ያልነካውን በምን ለካችሁት?» አሉ መሪጌታ።

«በሚጎድለው ብርሃን ነው አባ። ማግኔቱ ከሚመጣው ኤክስሬይ ውስጥ የተወሰነውን ዓይነት መርጦ ያስቀራል። ማግኔቱ በበረታ ቁጥር የሚያስቀረው ጉልበቱ ከፍ ያለውን ነው። ጉድለቱ የትኛው ላይ እንደሆነ ካወቅን ብርታቱን በሒሳብ እናወጣዋለን። የኮምፓስ መርፌ ከሚያዞረው ከምድር ማግኔት አሥር ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን እጥፍ ይሆናል።»

መሪጌታ ቁጥሩን ለብቻቸው አንድ ጊዜ ደገሙት። ታገኘ ቀጠለ። ጨረሩ አየር ስለሚያግደው መሬት ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ መቀበያውን በትልቅ ፊኛ አንጠልጥለው ወደ ሰማይ ሰደዱት። ውጤቱ መጣ። ግራፉ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ነበረ፤ ግማሾቹ የጉልበቱ መጠን አርባ የሆነው ላይ ጉድለት አለ አሉ፤ ግማሾቹ ጉድለት የለም፣ ስልሳው አጠገብ ጉብታ ነው ያለው አሉ። ከሁለቱ አንዱን ሳይቆርጡ የማግኔቱን ብርታት መናገር አይቻልም።

«ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ማዶውን ተራራ ነው ይላል፤» አሉ አባቱ ቀስ ብለው። «ማዶው ግን እሱ ከቆመበት ሜዳ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል።»

ታገኘ ቀና ብሎ አያቸው። ዘጠኝ ሆነው ሙሉ በጋ የተከራከሩበትን ነገር እሳቸው ቁጭ ብለው ተናገሩት። መቀበያው ራሱ ጉልበት የሚባል ነገር እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው ጨረሩ የገባበትን የመስኮት ቁጥር ብቻ እንደሆነ፣ ብርድ ሲይዘው ደግሞ መስኮቶቹ ከቦታቸው ፈቀቅ እንደሚሉ አስረዳቸው። በየብርዱ መጠን የትኛው መስኮት የትኛው ጉልበት እንደሆነ የለካው እሱ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ የበረዶ ሣጥን ጎን ተቀምጦ፣ ጨረሩ አስቀድሞ የታወቀ ማዕድን እያስጠጋ ጽፏል። የጻፈው ይህ ደብተር ላይ ነው።

«እንግዲያ ያለ ደብተርህ ያንን ግራፍ ማንበብ፣ ያለ አበቅቴ ፋሲካን እናውጣ ማለት ነው።»

«እንደዚያ ነው አባ።»

«ግልባጭ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ለምን ይዘኸው መጣህ?»

«እናቴ አልጋ አጠገብ ልሠራበት ብዬ ነበር፤» አለ ታገኘ።

በግንቦት ከጀርመን ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ተከፍቶ በሙጫ መልሶ ተለጥፏል። የጻፈው ክላውስ የሚባል የሥራ ባልደረባው ነው፤ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲሠሩ የኖሩ፣ የክላውስም የዶክትሬት ጽሑፍ በዚያች የመጀመሪያ የፊኛ በረራ ላይ የቆመ ነበር። ስለ እናቱ ጤንነት ጠየቀ፤ ሞታቸውን አልሰማም። ከዚያም ደብተሩ ሳይኖር አንድ እርምጃ መሄድ እንዳልቻለ ገልጾ በአደራ ደብዳቤ እንዲልክለት ለመነው።

ታገኘ በዚያው ቀን ከሱቅ የተማሪ ደብተር ገዝቶ መገልበጥ ጀመረ። በቁጥር የታጨቀ ገጽ ስለሆነ አንዱን ገልብጦ ለማመሳከር ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። አሥራ አንድ ገጽ እንዳደረሰ ትዕግሥት አጣ፤ ዋናውን ልኬ የቀረውን ገጽ ግልባጭ ከክላውስ አገኛለሁ ብሎ ሁለቱንም ይዞ ጎንደር ወረደ። ፖስታ ቤቱ ግን በእጅ የተጻፈ ሰነድ ወደ ውጭ አገር የሚወጣው ከሚኖርበት ከተማ የማረጋገጫ ደብዳቤ ሲኖረው ነው አለው። በሚቀጥለው ጠዋት ደባርቅ ተመልሶ የአብዮት ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተሰለፈ።

የኮሚቴው ኃላፊ ዋሴ የዳባት ልጅ ነበር። ከታገኘ ጋር ፊደል የቆጠረው አንድ ዛፍ ሥር፣ በመሪጌታ አለንጋ ነው። ታገኘ ይህንን አስቦ ተደስቶ ገባ። ዋሴ ግን ብቻውን አልነበረም፤ ከጎንደር የመጣ፣ ስሙ ያልተነገረ ሰው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። ዋሴ እንግዳውን ሰረቅ አድርጎ እያየ ደብተሩን አገላበጠ። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ፣ ገጹ ሁሉ ቁጥር። ምንድን ነው ብሎ ጠየቀው።

ታገኘ እንደ አስተማሪ ረጋ ብሎ ያስረዳ ጀመር። ፊኛ ላይ መሣሪያ ሰቅለው ወደ ላይ እንዳመጠቁ፣ ደብተሩም ስለ መሣሪያው አሠራር የሚገልጽ መሆኑን ተናገረ። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ሰው መጻፉን አቆመ።

«ምን ዓይነት መሣሪያ?» አለ።

ታገኘ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የነቃው። የመለኪያ መሣሪያ ማለቴ ነው አለ። ሰውየው የሚለካው ርቀት ነው ወይ፣ ፊኛው ድንበር ያልፋል ወይ፣ የማግኔት መስክ የሚለው የትኛውን የጦር ሜዳ ነው እያለ ጠየቀው። በየመልሱ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ዘመኑ በአንድ ቅዳጅ ወረቀት ሰው የሚጠፋበት ነበር። ሁለቱንም ደብተሮች አስቀርተው ታገኘን ወደ እህል መጋዘኑ አስገቡት።

እዚያ ሃያ አንድ ቀን ቆየ። አብረውት ከነበሩት መካከል ስማቸው ተጠርቶ ወጥተው ያልተመለሱ ነበሩ። በር በተከፈተ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ መሬት ያያል። ታገኘ ፍርሃቱን ለመርሳት የደብተሩን ቁጥሮች በቃሉ ይወጣ ነበር፤ የዜሮ ዲግሪውን፣ ከዜሮ በታች የአሥሩን፣ የሃያውን። እስከ ሃያው ድረስ በደንብ ያስታውሳል። ከዚያ በታች፣ ፊኛው በትክክል የደረሰበት ብርድ ላይ ሲመጣ፣ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ይደባለቁበታል።

መሪጌታ ወሬውን እንደሰሙ በእግራቸው ከዳባት ተነሥተው በማግሥቱ ደባርቅ ገቡ። ዋሴን ለማግኘት ሦስት ቀን ደጅ ጠኑ። በሦስተኛው ቀን ዋሴ ሲወጣ አያቸውና ከልማዱ የተነሣ ጎንበስ ብሎ «የኔታ» አለ። እሳቸውም አላለቀሱም፤ አልማለዱትምም። ያስተማሩትን ተማሪ እንደሚጠይቁ ጠየቁት።

«አበቅቴ ምንድን ነው?»

«ከፀሐይና ከጨረቃ ቁጥር የሚተርፈው፣ የኔታ።»

«ጦር መሣሪያ ነው?»

«አይደለም፣ የኔታ።»

«ልጄ የጻፈው እሱን ነው። የሩቅ ኮከብ አበቅቴ።»

ከጎንደር የመጣው ሰው በዚያ ሳምንት ወደ ሌላ ወረዳ ተሻግሮ ነበር። ዋሴ ከዚያ በኋላ በአሥረኛው ቀን ታገኘን ፈታው። ደብተሩን ሲጠይቀው ግን ዓይኑን ሰብሮ ለምርመራ ጎንደር ተልኳል አለው።

የክላውስ ሁለተኛ ደብዳቤ ደርሶ ጠበቀው፤ ያው ልመና ነው፣ ትንሽ ጠበቅ ያለ። ታገኘ በቃሉ የያዘውን ቁጥር ሁሉ ጽፎ ሊልክ ተነሣ። ያልተደባለቀበትን ብቻ ጻፈ፤ የተጠራጠረውን በግምት ሞልቶ እውነተኛ ማስመሰል ይችል ነበር፣ ማንም አያውቅበትም ነበር፤ እጁ እምቢ አለው። ደብዳቤው ከሁለት ወር በኋላ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ አይወጣም ተብሎ ተመለሰለት። ደብተሩን ተቀማሁ ብሎ ቢጽፍ ደግሞ እንኳን ደብዳቤው እሱም አይተርፍም። ብዙ ካሰበ በኋላ ሰላምታና አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ደብተሩ በእጄ የለም፤ ይቅርታህን እለምናለሁ።» ይህችኛዋ አለፈች።

የክላውስ ሦስተኛ ደብዳቤ የመጣው በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ሰላምታ አልነበረውም። «በእጅህ ከሌለ በማን እጅ ነው? ይዘኸው ከሄድክ በኋላ አምስት ዓመቴን በአንድ መስመር መለስክልኝ። ለሌላ ቡድን ሰጥተኸው ከሆነ ቢያንስ እወቀው በለኝ።» ታገኘ በመምህራን ማረፊያው ወንበር ላይ ደጋግሞ አነበበው። እውነቱ አይወጣም፤ የሚወጣው እውነት አይመስልም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ታገኘ የትምህርት ቤት ዕረፍት በሆነ ቁጥር ጎንደር እየወረደ ከቢሮ ቢሮ ደብተሩን ይጠይቃል። አንዱ በመዝገብ የለም ይለዋል፤ ሌላው አዲስ አበባ ሄዷል ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ስሙን ጽፎ ሲቀበለው ታገኘ ይደነግጥና ወደዚያ ቢሮ ሳይመለስ ይቀራል። የዳባት ጤና ጣቢያ ነርስ የነበረችውን ጽጌሬዳን አግብቶ ሁለት ልጅ ወለደ። ጽጌሬዳ የጎንደሩን ነገር እንዲተው ትመክረው ነበር፤ አንድ ቀን የሚጠይቀው ሰው ራሱ ማነህ አንተ ብሎ የዱሮውን እንዳይቆሰቁስ ትፈራለች። እሺ ይላታል። በቀጣዩ ዕረፍት ደግሞ ይሄዳል።

በ1976 ዓ.ም. የሒሳብ አስተማሪው ማለደ፣ ከዳባት በታች ካለ የቤተ እስራኤል መንደር የመጣ ጸጥተኛ ሰው፣ አንድ ሰኞ ክፍል ሳይገባ ቀረ። ቤተሰቡም መንደሩም አብሮት ሄዷል፤ በሱዳን በኩል ነው ተባለ። ታገኘ ክፍሉን ተክቶ ሲያስተምር ቆይቶ በመካከል ቾኩን እንደያዘ ቆመ። ለክላውስ አንድ ቃል ሊያደርስለት የሚችል ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎኑ ተቀምጦ እንደነበር ገባው። ነገር ግን ማለደ እንኳን ለእሱ፣ ለግድግዳውም አይናገርም ነበር፤ አይፈረድበትም። ተማሪዎቹ የታመመ መስሏቸው ውኃ አመጡለት።

በ1978 ክረምት ለአስተማሪዎች ኮርስ አዲስ አበባ ሄደ። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አንድ አሮጌ የሳይንስ መጽሔት አገኘ። ያችው ኮከብ ናት። የቀድሞ ባልደረቦቹ ሁለት ጊዜ ደግመው ፊኛ ሰደዋል፤ ነገሩ ቁርጥ ሆኗል፤ ጉድለት እንጂ ጉብታ አይደለም፤ የማግኔቱም ብርታት ከነስሕተት ወሰኑ ተቀምጧል። ታገኘ ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ አነበበ፤ ልቡ በደስታ መታ። ሁለተኛው ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል እንዲህ የሚል አገኘ፦ «የመጀመሪያው በረራ ውጤት የመለኪያው መዝገብ ስለጠፋ አልተካተተም።» ከጸሐፊዎቹ ስም ውስጥ የእሱ የለም፤ ያንን አልጠበቀም። የክላውስም አልነበረም።

ዳባት ሲመለስ ለአባቱ ነገራቸው። መሪጌታ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ፈዝዞ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነበር።

«ስለዚህ ማዶው ሜዳ ነበረ፤» አሉ።

«አዎ አባ። ገደል ነው።»

«አንተን ምን አሉህ?»

«ምንም አላሉኝም። ጠፋ ነው ያሉት።»

መሪጌታ በእጃቸው ፈልገው ጉልበቱን አገኙትና ያዙት። «አልጠፋም ብለህ የምትነግራቸው መንገድ የለም?»

«የለም፤» አለ ታገኘ።

የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ወራት ሲቀሩት፣ ወታደሩ ከደባርቅ ለቆ ሊሄድ ነው ተባለ። አንድ ረፋድ ላይ ታገኘ እያስተማረ ሳለ ተማሪዎቹ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ግቢ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ወረቀት እያቃጠሉ ነው። ታገኘ የጀመረውን መልስ ሳይጨርስ ወጣ። ጽሕፈት ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። ዘበኛው በሩ ላይ ጠመንጃውን አግድሞ አላስገባም አለው። በአጥሩ ቀዳዳ የታሰረ ወረቀት በአካፋ ሲወረወር ይታያል።

ዋሴ ጥቁር አመድ የነካው ሸሚዝ ለብሶ ወጣ። ሸምግሏል፤ ስኳር በሽታ ይዞት እግሩን ይጎትታል። ታገኘን ሲያይ ዘበኛውን ራቅ በል አለው።

«እዚሁ ነበረ፤» አለ ዋሴ፤ ሳይጠየቅ። «ደብተርህ። ጎንደር አልላክሁትም።»

ታገኘ ወደ ጭሱ ዞረ።

«ለመላክ መሸኛ ያስፈልገዋል። ምንም አይደለም ብዬ ብጽፍ፣ ታዲያ ለምን አሰርከው ይሉኛል። አደገኛ ነው ብዬ ብጽፍ፣ ለምን ፈታኸው ይሉኛል። ቁም ሣጥን ውስጥ አደረግሁት። በኋላ ልሰጥህ አስብ ነበር፤ አንተም ጎንደር ሄደህ ስትጠይቅ እሰማ ነበር። ዓመት ሲጨመርበት ይበልጥ እየፈራሁ መጣሁ።»

«አሁንስ?»

«ጠዋት ከመጀመሪያው ክምር ጋር ነው እሳት የገባው። ቁም ሣጥኑን እንዳለ ነው የገለበጡት፤ ሳልደርስ።»

ታገኘ አጥሩን ይዞ ቆመ። ሊሰድበው አሰበ፤ ቃል ፈለገ። ዋሴ ግን ስድቡን እንደሚጠብቅ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ከዚያ ከውስጥ ተጠራና ዋሴ ሄደ። ታገኘ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ልጆቹ ገና ጭሱን ያያሉ፤ መስኮቱን ዝጉ አላቸው።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ታገኘ ለክላውስ አሥራ አራት ገጽ ደብዳቤ ጻፈ። ከቴሌግራሙ ጀምሮ እስከ ጭሱ ድረስ ሁሉንም ዘረዘረ፤ ማንንም አልፈራም። በአምስተኛው ወር መልስ መጣ። የጻፈችው የቢሮው ጸሐፊ ነበረች፤ በትሕትና። ክላውስ የዶክትሬት ሥራውን ሳይጨርስ ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ከዚያ መሥሪያ ቤት መልቀቁን፣ አሁን የት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው አለመገኘቱን፣ ደብዳቤውንም አብራ መመለሷን ገልጻለች። ታገኘ አሥራ አራቱን ገጽ ከፖስታው አውጥቶ ቆጠራቸው፤ አልጎደሉም። ለጽጌሬዳ ሰጣትና እሷ ከልጆቹ የክትባት ወረቀት ጋር አስቀመጠችው።